የውሻን ዳሌና ክርን ራጅ ማስነሣት መቼ ይገባል?



ውሻ የሰው ባልንጀራ ከሆነ ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ግቢ ሲጠብቅ፣ ከብት ሲያግድ፣ ከአዳኝ ጋር አውሬ ሲያባርር፣ በቅርቡም ዘመን ዐይነ ስውር ሲመራና ከፖሊስ ጋር ሲያነፈንፍ ኖሯል። ስለ ታማኝነቱ ያልተነገረ ምስጋና የለም። ዳሩ ግን አንድ ነገር ተነፍጎታል፤ ይኸውም የሚያመውን ገልጦ የሚናገርበት አንደበት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ተብሎ የሚመከረው ሰው ነው፤ ውሻ ግን ሕመሙን የሚሸሽገው ወዶ ሳይሆን ተፈጥሮው ስለሚያስገድደው ነው። ስለዚህ ስለ እርሱ አይቶና አስቦ መፍረድ የባለቤቱ ተግባር ይሆናል።

ዛሬ የምናቀርበው ጉዳይ ከዚሁ ዐይነት ፍርድ አንዱ ነው። ትልልቅ የውሻ ዘሮችን የሚያሳድጉ ሰዎች ወደ እንስሳት ሐኪም ሲሄዱ፣ ወይም ቡችላ ሊገዙ ከሻጭ ጋር ሲነጋገሩ፣ «ዳሌውና ክርኑ ራጅ ተነሥቷልን?» የሚል ጥያቄ ያጋጥማቸዋል። ጥያቄው ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። አንዳንዱ «ሰው እንኳ ሳይታመም ራጅ አይነሣም፤ ለውሻ ደግሞ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ይስቃል። ሌላው ውሻውን ስለሚወድ ብቻ፣ ምን ለማወቅ እንደሚፈልግ ሳይለይ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ፊልሙን ይዞ ይመለሳል። የመጀመሪያው ሰው ሊረዳው የሚችለውን እንስሳ ሳይረዳው ይቀራል፤ ሁለተኛውም በከፈለው ገንዘብ ምንም ሥራ አይሠራበትም። አንባቢያችን ከሁለቱም እንዳይሆን የሚከተለውን ማብራሪያ አዘጋጅተናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በሽታው ምንድን ነው?

የዳሌ መገጣጠሚያ አሠራሩ ሙቀጫና ዘነዘናን ይመስላል። የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ የዳሌ አጥንትም ይህን ክብ ራስ የሚቀበልበት ጎድጓዳ ስፍራ አለው። ሁለቱ በልም አጥንት ተሸፍነው፣ በጅማትና በጡንቻ ተይዘው፣ ቅባት በመሰለ ፈሳሽ ርሰው በደንብ ሲገጣጠሙ ውሻው ያለ ሥቃይ ይሮጣል፤ ይዘላል። ነገር ግን ጎድጓዳው ያልጠለቀ፣ ጅማቱም የላላ እንደ ሆነ ክቡ ራስ በስፍራው አይረጋም፤ ውሻው በተራመደ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። አለቦታው የሚያርፍ ዘነዘና የሙቀጫውን ከንፈር እየመታ እንደሚሸርፈው፣ የዋለለውም አጥንት የጎድጓዳውን ጠርዝ እየመታ ልም አጥንቱን ይጨርሰዋል። ሰውነትም ጉዳቱን እጠግናለሁ ሲል በየዳሩ አዲስ አጥንት ያበቅላል። በመጨረሻ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ያማልም። ሐኪሞች ይህን ጉድለት «ሂፕ ዲስፕላዥያ» ይሉታል፤ ዲስፕላዥያ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የወጣ ሲሆን ትርጓሜው የተበላሸ አቀራረጽ ማለት ነው።

የክርን ነገር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ውሻ ቆሞ ሳለ ከክብደቱ ከመቶ 60 ያህሉን የሚሸከሙት የፊት እግሮቹ ናቸው። በክርን ላይ ሦስት አጥንቶች ይገናኛሉ፤ አንዱ ከላይ የሚወርደው ወፍራም አጥንት ሲሆን ሁለቱ ከሥር ጎን ለጎን የሚቆሙት ናቸው። ቡችላው ሲያድግ ከታች ያሉት ሁለቱ እኩል ያላደጉ እንደ ሆነ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ሸክም በቃሬዛ ተሸክመው አንደኛው አጭር ሲሆን እንደሚደርሰው፣ ሸክሙ ሁሉ በአንድ ወገን ይጫናል። ያን ጊዜ በዚያ በኩል ያለችው ትንሽ የአጥንት ጫፍ ትሰነጠቃለች ወይም ተሰብራ ትቀራለች። በሌሎች ውሾች ደግሞ በክርን ጀርባ ያለው ጉጥ እስከ 5 ወር ገደማ ከዋናው አጥንት ጋር መጣበቅ ሲገባው ሳይጣበቅ ይቀራል፤ ወይም ልም አጥንቱ ከሥሩ ይላቀቃል። እነዚህ ሁሉ በአንድነት «ኤልቦ ዲስፕላዥያ» ተብለው ይጠራሉ፤ ፍጻሜያቸውም እንደ ዳሌው የመገጣጠሚያ መበላሸት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ሊታወቅ ይገባል። ቡችላው ከነበሽታው አይወለድም። ሲወለድ ዳሌው ደኅና ነው፤ ጉድለቱ የሚከተለው በመጀመሪያዎቹ ወራት አጥንቱ በሚያድግበት ጊዜ ነው። ከወላጆቹ የሚወርሰው ዝንባሌውን ነው፤ ዝንባሌው ወደ በሽታ መለወጡ ግን በምግቡ፣ በክብደቱና በአስተዳደጉ ጭምር ይወሰናል። ውርሱም ከአንድ ምንጭ ሳይሆን ከብዙ ጥቃቅን ምንጮች የተጠራቀመ ስለ ሆነ፣ ደኅና ከሆኑ ወላጆች የታመመ ቡችላ ሊወለድ ይችላል።

በብዛት የሚጠቁት ትልልቅና ፈጥነው የሚያድጉ ዘሮች ናቸው፤ እነዚህም ጀርመን ሼፐርድ፣ ላብራዶር፣ ጎልደን ሪትሪቨር፣ ሮትዋይለር፣ ሴንት በርናርድ፣ ኒውፋውንድላንድና የመሳሰሉት ናቸው። ግሬይሃውንድ የተባለው የሩጫ ውሻ ግን ትልቅ ሆኖ ሳለ በዳሌ በሽታ የሚያዘው ከስንት አንድ ነው። ድቅል ውሻም ቢሆን ፈጽሞ ነፃ ነው አይባልም።

የራጅ አመጣጥና አሠራር

ራጅ የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የተወረሰ ሲሆን ጨረር ማለት ነው። ይህን ጨረር ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 አገኘ፤ በ1901ም ስለዚሁ የመጀመሪያውን የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የውሻ የዳሌ ጉድለት ግን በጽሑፍ የተገለጠው ዘግይቶ ነው፤ በ1935 በአሜሪካ አገር በቦስቶን ከተማ ሽኔል የተባለ የእንስሳት ሐኪም ስለዚሁ ጽፎ አሳተመ። በዚያን ጊዜ በሽታው እንደ ብርቅ ነገር ይታይ ነበር። ፊልም የሚነሣው ውሻ በበዛ መጠን ግን ብርቅ አለመሆኑ ታወቀ።

ከዚህም የተነሣ በልዩ ልዩ አገሮች ፊልሞችን የሚመረምሩና ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች ተቋቋሙ። በአሜሪካ በ1966 የእንስሳት ኦርቶፔዲክ ፋውንዴሽን ተመሠረተ። ይህ ድርጅት ውሻው 24 ወር ከሞላው በኋላ የተነሣውን የዳሌ ፊልም ለሦስት የራጅ ሊቃውንት ለየብቻ ያሳያል፤ ከፍርዳቸውም አንድ ደረጃ ይወጣል። እጅግ መልካም፣ መልካምና ደኅና የሚባሉት ጤነኞች ናቸው፤ ከዚያ በታች አጠራጣሪው ይመጣል፤ ቀጥሎም ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ሕመም ተብሎ ይመደባል።

በብሪታንያ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ከኬኔል ክለብ ጋር ሆኖ የሚሠራበት ዘዴ በቁጥር ነው። እያንዳንዱ ዳሌ ከ0 እስከ 53 ነጥብ ያገኛል፤ የሁለቱ ድምር ከ0 እስከ 106 ይደርሳል። ነጥቡ ባነሰ መጠን ዳሌው የተሻለ ነው። ውሻው ለዚህ ምርመራ ቢያንስ አንድ ዓመት ሊሞላው ይገባል። ክርን ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይሰጠዋል፤ አንዱ ክርን ደኅና ሆኖ ሌላው የታመመ እንደ ሆነ የሚቆጠረው የባሰው ነው። በአውሮፓና በሌሎች አገሮች ያሉ የውሻ ማኅበራት የተሰበሰቡበት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ደግሞ ዳሌን ከኤ እስከ ኢ በአምስት ፊደላት ይመድባል።

ከእነዚህ ሁሉ ለየት ያለው በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የተጠናው ፔንሂፕ የተባለው ዘዴ ነው። በተለመደው አነሣሥ ውሻው በጀርባው ተንጋሎ የኋላ እግሮቹ ወደ ኋላ ይዘረጋሉ። እግሩ ሲዘረጋ ግን በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያለው ሽፋን ስለሚጠመዘዝ የላላው ዳሌ ጠብቆ ሊታይ ይችላል። ፔንሂፕ ይህን ለማስቀረት የጭኑን አጥንት በመጠኑ ወደ ውጭ ገፍቶ ምን ያህል ከጎድጓዳው እንደሚወጣ ይለካል። ልኩ ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር ይነገራል፤ ከ0.3 በታች የሆነ እንደ ሆነ ዳሌው ጥብቅ ነውና የሚያሰጋው ነገር ጥቂት ነው። በዚህ ዘዴ ቡችላው ገና በ16 ሳምንቱ ሊመረመር ይችላል።

ለሁሉም ዐይነት አነሣሥ ውሻው በመድኃኒት መረጋጋት ወይም መተኛት አለበት። ይህም ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የነቃ ውሻ ጡንቻውን ስለሚያጠብቅና ስለሚወራጭ ፊልሙ እውነቱን አያሳይም። ሁለተኛ፣ ሰዎች ውሻውን በእጃቸው ይዘው በጨረር ውስጥ እንዳይቆሙ ነው። ለውሻው ግን በአንድ ምርመራ የሚደርሰው ጨረር እጅግ ጥቂት ነውና ስለዚህ ብቻ መፍራት አይገባም። የማስተኛው መድኃኒት በበኩሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የውሻውን ልብና ትንፋሽ ሊያዳምጥ፣ ባለቤቱም ውሻው ቀድሞ የታመመውንና የሚወስደውን መድኃኒት ሳይደብቅ ሊናገር ይገባል።

ፊልሙ የሚናገረውና የማይናገረው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፊልም የአጥንትን ቅርጽ ያሳያል እንጂ ሥቃይን አያሳይም። ዳሌው በፊልም እጅግ ተበላሽቶ የሚታይ ውሻ ደስ ብሎት ሲሮጥ ይገኛል፤ በፊልም ጥቂት ጉድለት ብቻ ያለበት ደግሞ ከተኛበት ለመነሣት ያቃስታል። ስለዚህ ባለ አእምሮ ሐኪም የሚያክመው ውሻውን ነው እንጂ ፊልሙን አይደለም።

ከዚህም በቀር ፊልሙ የሚናገረው ስለ ተነሣበት ቀን ነው። በአምስተኛ ወሩ በተለመደው አነሣሥ ደኅና የታየ ቡችላ በሁለት ዓመቱ ታሞ ሊገኝ ይችላል። በክርን ላይም የተሰበረችው ትንሽ የአጥንት ጫፍ በሌላ አጥንት ተሸፍና በራጅ ሳትታይ ልትቀር ትችላለች፤ ሐኪሙ የሚያየው ከእርስዋ የተነሣ በዳሩ የበቀለውን አዲስ አጥንት ነው። ይህ አዲስ አጥንት ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ እንደ ሆነ አንደኛ ደረጃ፣ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የደረሰ እንደ ሆነ ሁለተኛ፣ ከ5 ሚሊ ሜትር ያለፈ እንደ ሆነ ሦስተኛ ደረጃ ይባላል። ራጁ አጠራጣሪ ሲሆንና ውሻው ሲያነክስ ሐኪሙ ሲቲ ስካን ያዝዝ ይሆናል፤ ይህን ያዘዘው ገንዘብ ፈልጎ ነው ተብሎ አይጠርጠር።

እንግዲህ ውሳኔው እንዴት ይሁን?

መልሱ ለሁሉም አንድ አይደለም። ባለቤቱ ወደ ሐኪም ከመሄዱ በፊት ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ «ፊልሙ መጥፎ ቢሆን የማደርገው ምንድን ነው? ደኅና ቢሆንስ የምተወው ምንድን ነው?» በሁለቱም መልስ ሥራው ያው የሆነ እንደ ሆነ የፊልሙ ጥቅም ጥቂት ነው። ሥራው የሚለወጥ ከሆነ ግን ወጪው በከንቱ አይቀርም። ይህን መመዘኛ ይዘን አራት ዐይነት ውሾችን ለየብቻ እንመልከት።

አንደኛው የሚያነክሰው ውሻ ነው። ከተኛበት ሲነሣ የሚደርቅ፣ ደረጃ ለመውጣት የሚያመነታ፣ ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ አድርጎ እንደ ጥንቸል የሚዘል፣ የጭኑ ሥጋ የመነመነ፣ ወይም የታመመው የፊት እግሩ መሬት ሲነካ ራሱን ቀና የሚያደርግ ውሻ ሳይዘገይ ለሐኪም ይታይ። ዕድሜው ከ4 እስከ 12 ወር የሆነ ቡችላ ሲያነክስ «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ ዝም ማለት ትልቅ ጥፋት ነው፤ የክርንም የዳሌም ጉድለት መጀመሪያ የሚገለጠው በዚሁ ዕድሜ ነውና። ሁለቱም ክርኖች በአንድነት የታመሙ እንደ ሆነ ውሻው የሚደግፍበት ደኅና እግር ስለሌለው ማነከሱ ላይታወቅ ይችላል፤ እርምጃው ማጠሩና ቶሎ መድከሙ ብቻ ይታያል። ለእነዚህ ሁሉ ራጅ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው እንጂ ምርጫ አይደለም። ሆኖም ሐኪሙ አስቀድሞ በእጁ ይመርምር። ዳሌው በፊልም መጥፎ ሆኖ የታየ ውሻ በእውነት የሚያነክሰው በጉልበቱ ውስጥ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ጉልበቱን ያልዳሰሰ ሐኪም ጥፋቱን ሁሉ በዳሌው ላይ ይጥላል።

ሁለተኛው ሊዳቀል የታሰበው ውሻ ነው። ስለዚህኛው መልሳችን አጭርና ቁርጥ ነው፤ ከትልልቆቹ ዘሮች ወገን የሆነ እንደ ሆነ ወንዱም ሴቷም ከመዳቀላቸው በፊት ዳሌያቸውም ክርናቸውም ይነሣ። «ዘር ከልጓም ይስባል» እንደ ተባለ፣ አንድ ውሻ ለራሱ ብቻ ቢታመም ሕመሙ ከእርሱ ጋር ያልፋል፤ ሲወልድ ግን ለልጆቹና ለልጅ ልጆቹ ያወርሳል። አንዲት እናት በአንድ ጊዜ ስምንት ብትወልድና ሦስት ጊዜ ብትደግም 24 ቡችሎች በ24 ቤቶች ይገባሉ። ሻጩ ለሁለት ፊልም ያላወጣውን ገንዘብ 24 ቤተ ሰዎች በመድኃኒትና በኀዘን ሊከፍሉት ነው ማለት ነው።

ምርጫው ፍሬ እንዳለው በሥራ ታይቷል። በአሜሪካ በኒው ጀርዚ ግዛት በሞሪስታውን ከተማ ዘ ሲይንግ አይ የተባለ፣ በ1929 የተመሠረተና ዐይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾችን የሚያሠለጥን ድርጅት አለ። ይህ ድርጅት ወላጆችን በራጅ ውጤት እየመረጠ ባዳቀለ ጊዜ፣ ከአምስት ትውልድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የዳሌ በሽታ የተገኘባቸው ጀርመን ሼፐርዶች ከመቶ 55 ወደ 24፣ ላብራዶሮችም ከመቶ 30 ወደ 10 ዝቅ ማለታቸው በ1997 ታትሞ ወጥቷል። በሽታው ፈጽሞ አልጠፋም፤ ነገር ግን ግማሽ ያህሉና ከዚያም የሚበልጠው ቀርቷል። ከአንዱ ውሻ ፊልም ይልቅ የዘመዶቹ ሁሉ ፊልም አንድ ላይ ሲታይ ፍርዱ የበለጠ ይጸናል፤ ስለዚህ የብሪታንያ ኬኔል ክለብ ከ2014 ጀምሮ የዘመድ አዝማዱን ውጤት አጠራቅሞ የእያንዳንዱን ውሻ የውርስ ግምት ማውጣት ጀምሯል።

ሦስተኛው ገና ያልታመመ የትልቅ ዘር ቡችላ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ዋጋ አለው። ቡችላው 4 ወር ገደማ ሲሞላው ሐኪሙ አስተኝቶ በእጁ ዳሌውን ሊፈትሽ ይችላል፤ የላላው አጥንት ሲወጣና ሲመለስ በእጅ ይታወቃል። ይህ ዘዴ በመጀመሪያ ለሕፃናት የተደረገ ሲሆን የሚጠራውም ኦርቶላኒ በተባለው የኢጣሊያ የሕፃናት ሐኪም ስም ነው። አጠራጣሪ ነገር ከተገኘ ፔንሂፕ ይከተላል። በዚህ ዕድሜ የተገኘ መላላት መድኃኒት አለው፤ ከ5 ወር በፊት የዳሌው አጥንት ከፊት ለፊት የሚጋጠምበትን ስፍራ እድገት በማስቆም ጎድጓዳው ራሱን ይበልጥ እንዲያለብስ የሚያደርግ ቀላል ቀዶ ሕክምና አለ። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን የሚቻለው የዳሌ አጥንትን ቆርጦ ማዞር ነው፤ መገጣጠሚያው ከተበላሸ በኋላም የሚቀረው የአጥንቱን ራስ ቆርጦ ማውጣት ወይም በብረት የተሠራ ዳሌ መተካት ነው። ዋጋውም ሥቃዩም በየደረጃው ይጨምራል። ስለዚህ የወላጆቹ ሁኔታ ያልታወቀ፣ ዘሩ የሚያሰጋ፣ ወይም ለከባድ ሥራ የሚሠለጥን ቡችላ ያለው ሰው፣ እንዲህ ያለውን ሕክምና ለማስደረግ አቅሙና ሐሳቡ ካለው፣ በ16ኛው ሳምንት ያስመርምር። አቅሙ ወይም ሐሳቡ የሌለው እንደ ሆነ ወደ ታች የምንናገረውን አስተዳደግ ይከተል፤ እርሱን ለመከተል ፊልም አያስፈልግምና።

አራተኛው ጤናማ ሆኖ ያደገ፣ የማይነክስና የማይዳቀል ውሻ ነው። ለዚህ ውሻ ራጅ ግዴታ አይደለም። በግቢ የሚጠብቀውና ከልጆች ጋር የሚጫወተው ውሻ ሳያምመው አስተኝቶ ፊልም ማንሣት ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ ባለቤቱን በከንቱ ማስጨነቁ ሊበልጥ ይችላል። ሆኖም ለመኮላሸት ወይም ለሌላ ሕክምና የተኛ እንደ ሆነ፣ በዚያው ዕንቅልፍ ፊልሙን ማስነሣት ወጪውንም ድካሙንም ያቀላል፤ ኋላ ለማወዳደሪያም ይጠቅማል።

ቡችላ የሚገዛ ሰው ምን ይጠይቅ?

በአገራችን ከተሞች ጀርመን ሼፐርድን የመሳሰሉ ውሾች ለግቢ ጥበቃ ይፈለጋሉ። ሻጩም ብዙ ጊዜ «እናቱም አባቱም ከውጭ የመጡ ናቸው» ይላል። ከውጭ መምጣት ግን የአጥንት ምስክር ወረቀት አይደለም። ገዢው የእናቲቱንና የአባቱን የዳሌና የክርን ውጤት በጽሑፍ እንዲያዩ ይጠይቅ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ስምና መለያ ቁጥር ከውሾቹ ጋር መስማማቱንም ያረጋግጥ። ወረቀት የሌለ እንደ ሆነ ወላጆቹን አይቶ፣ አስነሥቶ፣ አስሩጦ ይመልከት፤ ይህ ራጅን ባይተካም ከባዶ ቃል ይሻላል። በአሜሪካና በብሪታንያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን የተሻለ ዕድል አላቸው፤ ከላይ የጠቀስናቸው ድርጅቶች ውጤቶችን በኢንተርኔት ስለሚገልጡ የወላጆቹን ስም ይዘው ራሳቸው ሊመረምሩ ይችላሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ የቡችላው መልክ ልብን ከመማረኩ በፊት መጠየቁ ይሻላል።

ፊልም ቢነሣም ባይነሣም ሊደረግ የሚገባው

ከሁሉ የሚበልጠውና ወጪ የማይጠይቀው መድኃኒት ክብደትን መጠበቅ ነው። በአሜሪካ 48 የላብራዶር ቡችሎች ሁለት ሁለት ተጣምረው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተጠንተው ነበር። ከየጥንዱ አንዱ ከባልንጀራው በሩብ ያነሰ ምግብ ይሰጠው ነበር። በ2002 በታተመው ውጤት መሠረት የጥቂት በሊታዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ዓመት ነበር። የዳሌ መበላሸት በፊልም የታየበትም መካከለኛ ዕድሜ ብዙ በበሉት 6 ዓመት፣ ጥቂት በበሉት 12 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። ውሻን አጥግቦ ማወፈር የፍቅር ምልክት የሚመስለን ሁሉ ይህን ብናስብ መልካም ነው። የውሻው ጎድን በእጅ ሲዳሰስ በቀላሉ ይታወቅ፤ ከላይ ሲታይም ወገቡ ገባ ያለ ይሁን።

ትልቅ ዘር ቡችላ ፈጥኖ እንዲያድግ መጣደፍ አይገባም። አጥንቱ ይጠንክር ተብሎ በተመጣጠነ ምግብ ላይ ካልሲየም መጨመር ያደገውን አጥንት ያበላሻል እንጂ አያበረታም። እንቅስቃሴም ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን ዐይነቱ ይለያል። በኖርዌይ በአራት ትልልቅ ዘሮች ላይ በተደረገና በ2012 በታተመ ጥናት፣ ከ3 ወር በታች ሳሉ ደረጃ ይወጡና ይወርዱ የነበሩ ቡችሎች በዳሌ በሽታ የመያዝ አደጋቸው ከፍ ያለ ሲሆን፣ በለስላሳና ወጣ ገባ መሬት ላይ ሳይታሰሩ ይጫወቱ የነበሩት አደጋቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ቡችላን በሊሾ ወለል ላይ እያንሸራተቱ ከማሳደግና ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ከማሰር በሣር ላይ ለቆ ማጫወት ይሻላል።

ሕመሙ የተገለጠበት ውሻም ተስፋ የለውም አይባልም። ክብደቱ ሲቀነስ፣ በየቀኑ በመጠኑ ሲራመድ፣ ከቀዝቃዛ ወለል ላይ ተነሥቶ በወፍራም ምንጣፍ ላይ ሲተኛ፣ ሐኪሙም ለውሻ የተሠራ የሥቃይ ማስታገሻ ሲሰጠው ብዙው ለብዙ ዓመት ደኅና ሆኖ ይኖራል። ነገር ግን ለሰው የተሠራ ማስታገሻ፣ ኢቡፕሮፌንም ይሁን ፓራሲታሞል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለውሻ ከቶ አይሰጥ፤ ጨጓራውን፣ ኩላሊቱን ወይም ጉበቱን አበላሽቶ ሊገድለው ይችላልና።

ነገሩን ለመጠቅለል፤ የሚያነክሰውን ውሻ ሳይዘገዩ ያስመርምሩ፤ ሊያዳቅሉ ያሰቡትን ሳያስነሡ አያዳቅሉ፤ የትልቅ ዘር ቡችላ ካለዎት በአራተኛ ወሩ ከሐኪምዎ ጋር ይመካከሩ፤ ጤናማውንና የማይዳቀለውን ግን በከንቱ አያስጨንቁት። ራጅ እንደ ማናቸውም የጥበብ መሣሪያ ሁሉ፣ ጥያቄውን ለሚያውቅ ሰው መልስ ይሰጣል፤ ምን እንደሚጠይቅ ላላወቀ ግን ጥቁርና ነጭ ሥዕል ብቻ ሆኖ ይቀራል። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው ምክራችን ለሰው ብቻ የተነገረ አይደለም። ሌሊት እኛ ስንተኛ ነቅቶ ለሚጠብቀን፣ የሚያመውንም ሊነግረን ለማይችል ፍጡር፣ እኛ በቀን ነቅተን ብናስብለት ብድር መመለስ ነው።